ስም የማይጻፍበት ክፍል

ክፍሉ የተሰጠኝ የተከማቸበት ሲሚንቶ ወጥቶ ነው። ርዕሰ መምህሩ ቁልፉን እጄ ላይ ሲያስቀምጡ፣ «እስከዚህ ተርም መጨረሻ ነው» አሉኝ። «ተማሪ ከመጣልሽ ክፍሉ ያንቺ ነው። ካልመጣ ሲሚንቶው ይመለሳል፣ አንቺም ወደ አባትሽ ሆቴል ትመለሻለሽ።»

ፈገግ ብለው ነበር ያሉት፤ ቀልድ እንዳልሆነ ግን ገብቶኛል።

ሞባይል ስልክ ሞያሌ በገባ ሰሞን ነው። ናይሮቢ ሥነ ልቦና ተምሬ ከተመለስኩ አራት ወር ሆኖኝ ነበር። ወላጆቼ ከኢትዮጵያ ደጋ መጥተው በኬንያው ሞያሌ ትንሽ ምግብ ቤት የከፈቱ ናቸው፤ እኛ ጋ ምግብ ቤቱም ሆቴል ነው የሚባለው። ዲግሪዬን ይዤ እዚያው ባንኮኒ ጀርባ ቆምኩ። ችግሩ ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይጠፋል። የከባድ መኪና ሾፌሮች ሁለት ጊዜ «ምን አልሽ?» ካሉኝ በኋላ ተስፋ ቆርጠው ማድ ቤት ድረስ ገብተው ያዝዙ ነበር። አባቴ አይቆጣም። «አንቺ ግዴለም፣ ሳህን አድርቂ» ይለኛል። ከመቆጣት የባሰው እሱ ነበር።

ክፍሉን የሰጠኝ ከከተማው ዳር ያለ ትንሽ የሙያ ኮሌጅ ነው። ስፌት፣ አናጢነት፣ መካኒክነትና የጽሕፈት ሥራ ይማሩበታል። ተማሪ ሲታመም፣ እንቅልፍ ሲያጣ፣ ከቤተሰቡ ሲጣላ ወይም እንዲሁ ልቡ ሲከብደው ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳየው ሰው ያስፈልጋል ተባለ። ከገበያው ጀርባ ጤና ጣቢያ አለ፤ ለከበደው ደግሞ ሶሎሎ ከተማ የሚሲዮን ሆስፒታል አለ። ተማሪውን ከዚህ አንስቶ እዚያ የሚያደርሰው ሰው ነው የጠፋው። ርዕሰ መምህሩ ሆቴላችን ምሳ ሲበሉ ስለ እኔ ከአባቴ ሰምተው ጠየቁኝ። እምቢ ለማለት ምክንያት መደርደር፣ ማለትም ብዙ መናገር ስለሚያስፈልግ፣ እሺ አልኩ።

ክፍሉን ሁለት ቀን አጠብኩት። የሲሚንቶው ብናኝ ግን ከግድግዳው እየተነሳ ልብሴ ላይ ይቀመጥ ነበር። ሁለት ወንበር አስገባሁ፣ ሰማያዊ መጋረጃ ሰቀልኩ። ርዕሰ መምህሩ ተማሪ መምጣቱን የሚያሳይ ማስረጃ ስለሚፈልጉ መዝገብ አዘጋጀሁ። በዚህ መዝገብ ኩራት ተሰምቶኝ እንደነበር አልደብቅም። በቀይ እስክሪብቶና በማስመሪያ አምስት ዓምድ አሰመርኩ፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የኪፓንዴ ቁጥር፣ የትውልድ ቦታ፣ የመጡበት ጉዳይ። ኪፓንዴ የምንለው መታወቂያውን ነው። አሰማመሩን የቀዳሁት ድንበር ላይ ተሻጋሪው ከሚመዘገብበት ትልቁ ደብተር ነው። ጥንቅቅ ያለ መዝገብ ሲባል በሕይወቴ ያየሁት እሱን ብቻ ነበርና። ደብተሩን ከበሩ ውጭ በርጩማ ላይ አኖርኩት፤ እስክሪብቶውንም እንዳይጠፋ በሲባጎ አሰርኩት። ከዚያ ገብቼ ተቀመጥኩ።

የመጀመሪያው ሳምንት ማንም አልመጣም። በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ፍየል ገብታ የመጋረጃውን ጫፍ በልታ ወጣች። መርፌና ክር አምጥቼ ጠርዙን ሰፋሁት። ጠመመ። ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት። የባሰ ጠመመ።

ክፍሉ በመማሪያ ክፍሎቹና በውሃ ታንከሩ መሀል ስለሆነ ተማሪው ሁሉ በደጄ ማለፍ ነበረበት። አንድ ቀን ብቅ ብዬ ሳይ ማንም በዚያ አያልፍም። ከአናጢዎቹ ወርክሾፕ ጀርባ፣ በእሾሁ መሀል፣ ሣሩ ተረጋግጦ አዲስ የእግር መንገድ ወጥቷል። ያን ያህል ዞረው ነው ውሃ የሚቀዱት። በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ ተማሪ ባላመጣም፣ መንገድ ግን ማሠራት ችያለሁ።

የነገሩን ምክንያት የነገሩኝ የበሩ ዘበኛ ናቸው። ቦረና ናቸው፣ ሽማግሌ፤ አማርኛን በወጣትነታቸው ከብት ሲነዱ ገበያ ላይ ነው የለመዱት። ጠዋት ስገባ ከጎናቸው ካለው ድንጋይ ላይ እንድቀመጥ በዱላቸው አመለከቱኝ።

«ኢንታላ» አሉ፤ ልጅት ማለታቸው ነው። «ያ ደብተር ያንቺ ነው ወይስ የመንግሥት?»

«የእኔ ነው፣ ኦቦ» አልኩ፤ አቶ እንደማለት ነው።

«ታዲያ ለምን የመንግሥት አስመሰልሽው?»

የበሩን ደብተር ከጎናቸው አነሱ።

«እኔም ደብተር አለኝ፤ ይኸው። እኔ ስም ብቻ ነው የምጽፈው፤ እሱንም የማላውቀውን ሰው። አንቺ ደግሞ የት ተወለድክ ትያለሽ፣ ቁጥርህ ስንት ነው ትያለሽ። ራሱን ያመመው ልጅ የት ተወለድክ ይባላል?»

«ለጥንቃቄ ብዬ ነው።»

«እነሱም ለጥንቃቄ ብለው ነው በእሾህ የሚሄዱት።» ከዚያ ጎንበስ ብለው አዩኝ። «ክፍሉን ምን እንደሚሉት ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ኢሚግሬሽን!» አሉና ዱላቸው ከእጃቸው እስኪወድቅ ሳቁ። እኔም ጆሮዬ እየጋለ አብሬያቸው ሳቅሁ።

ነገሩን ከማንም በላይ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ከተማሪዎቻችን ግማሹ እናቱ እዚህ፣ አክስቱ ድንበሩ ማዶ ናት። አንዳንዱ ማዶ ተወልዶ እዚህ ያደገ ነው። ብዙዎቹ መታወቂያ ገና እየጠበቁ ናቸው፤ እኛ ከተማ ደግሞ መታወቂያ ለማግኘት ሽማግሌዎች ፊት ቀርቦ የማን ልጅ ነህ፣ አያትህ የት ተቀበሩ መባል አለ። እኔም በአሥራ ስምንት ዓመቴ እዚያ ቆሜ ድምፄ ጠፍቶብኝ ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ። እኔን ያንቀጠቀጠኝን ጠረጴዛ በራሴ እጅ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ በራሴ በር ላይ አቆምኩት።

ያን ዕለት የተሰመረውን ገጽ ቀድጄ ጣልኩት። ግን ለርዕሰ መምህሩ ምን አሳያለሁ? ተርሙ ሊያልቅ የቀረው ሁለት ወር ነው።

መላውን ያገኘሁት ታንከሩ ጋ ነው። ውሃው የሚለቀቀው ከሰዓት በኋላ ለጥቂት ጊዜ ስለሆነ ተማሪው ቀድሞ መጥቶ አንድ አንድ ድንጋይ ይደረድርና ጥላ ሥር ይቀመጣል። ድንጋይ ከተሰለፈ ሰው ተሰለፈ ማለት ነው። የማን ድንጋይ እንደሆነ የተጻፈበት የለም፤ ሆኖም ማንም የሌላውን አይነካም፣ ማንም አይጠይቅም። እኔም ባዶ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አምጥቼ በበሩ ውስጥ አኖርኩ፤ ከጎኑ ጠጠር ከመርኩ። ከላይ በትልቁ ጻፍኩ፦ «ስም አይጻፍም። ስትወጡ አንድ ጠጠር ጣሉ።»

ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያው ሄድኩ። ነርሷ ከሌላ የኬንያ ክፍል የመጣች፣ ድምፅዋ ከግቢው ውጭ የሚሰማ ሴት ናት። አማርኛዋ ከገበያ የተለቀመ ነው። «አንቱ አትበይኝ፣ አላረጀሁም» ስላለችኝ ትልቅ ብትሆንም አንቺ ነው የምላት።

«ሲስተር፣ ተማሪ ስልክልሽ ትንሽ ወረቀት አስይዤ ነው። ስም የለውም። አረንጓዴ ክብ ብቻ ነው ያለበት።»

«እኔ ክብ ነው እንዴ የማክመው?»

«ስሙን አንቺ ጋ ሲደርሱ ይነግሩሻል። እኔ ጋ እንዳይጻፍ ነው።»

ወረቀቱን ገለባብጣ አየችው። «ምን ሠርተሽ ነው እንዲህ የፈሩሽ?» አለችና ስለ መዝገቡ ስነግራት ወንበሯ እስኪንጫጫ ሳቀች። «በይ ላኪልኝ። ግን ክቡን አስተካክለሽ ሥሪ፤ ይሄ እንቁላል ነው።»

የመጀመሪያዋ ተማሪ ከስፌት ክፍል ነበረች። በሩ ላይ ቆመች፤ እኔን ሳይሆን መጋረጃውን እያየች።

«ይህን ማን ነው የሰፋው?»

«እኔ።»

«ማዳም፣ ይሄ ልክ አይደለም» አለች፤ አዝናልኝ። ገብታ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞረች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠችና ክሩን መፍታት ጀመረች። እኔም ሳልጠይቃት ቁጭ ብዬ ስትፈታ አየኋት። ናይሮቢ መምህሮቻችን ዝምታን እንድንታገስ ሲያስተምሩን ለእኔ ትምህርቱ አልከበደኝም ነበር።

ግማሹን ጠርዝ ሰፍታ ስትጨርስ፣ መርፌዋን ሳታቆም፣ «እኔ ልሞት ነው» አለች።

ከሶሎሎ ማዶ ካለ መንደር የመጣች ናት። ማንያታ ሠፈር ከአራት ተማሪዎች ጋር ተከራይታ ትኖራለች። ከቤት ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ጋደም ስትል ልቧ እንደ ከበሮ ይመታል፣ እጇ ይላባል፣ አየር ያጥራታል። የልብ በሽታ ነው ብላለች። ለቤተሰቧ እንዳትናገር መጥተው ይወስዷታል፤ ለጓደኞቿ እንዳትናገር ለቤተሰቧ ይነግሩባታል።

«ልብሽን ሰው አዳምጦት ያውቃል?» አልኳት።

«ማን ያዳምጠዋል?»

«ከገበያው ጀርባ ያለች ሲስተር። አብሬሽ እሄዳለሁ።»

ወረቀቱን ሰጠኋት። ፊቱንም ጀርባውንም አየች፤ የተጻፈ ፈለገች፤ አጣች። ከዚያ ነው የተነሳችው።

ሲስተር አዳመጠቻት፣ ደሟን መረመረች፣ ጠዋት ምን እንደምትበላ ጠየቀቻት። ከዚያ የልብ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውልቃ ልጅቷ ጆሮ ላይ ሰካችው። «ስሚው። ይሄ ልብ እኔን ቀብሮ ይኖራል። አንቺ ሆድሽ ባዶ ነው፣ ደምሽ ትንሽ አንሷል፣ የቤት ናፍቆት ደግሞ ተጨምሮበታል።» ክኒን ሰጠቻት፤ ልቧ ሲመታ እንዴት ረጋ ብላ እንደምትተነፍስ ፊት ለፊት ተቀምጣ አሳየቻት። የሷ አተነፋፈስ ራሱ በር ላይ ለተሰለፈው በሽተኛ ይሰማ ነበር። በየሳምንቱም እንድትመለስ ቀጠረቻት።

ልጅቷ ስትመለስ መንገዱን ሙሉ ሳቀች። «ማዳም፣ ልቤን ሰማሁት! ዱብ ዱብ ይላል፤ ምንም አልሆነም!» ክፍሌ ድረስ መጥታ ጠጠሯን ጣለች። ባዶ ቆርቆሮ ውስጥ አንድ ጠጠር ሲወድቅ እንዴት ያለ ድምፅ እንደሚያወጣ ያን ቀን አወቅሁ።

በማግስቱ ሦስት የስፌት ልጆች መጡ፤ አንዷ የእውነት ታማ፣ ሁለቱ ልባቸውን መስማት ፈልገው። ከእነሱ በኋላ የጽሕፈት ልጆች መጡ። ወንዶቹ የመጡት ዘግይተው ነው፤ ሁሉም ስለ ጓደኛው ሊጠይቅ።

«ማዳም፣ አንድ ጓደኛዬ ሚራ ቅሞ እንቅልፍ እምቢ አለው።» ሚራ የምንለው ጫቱን ነው።

«ጓደኛህን አምጣው።»

«አይመጣም። ያፍራል።»

«እንግዲያው አንተ ሄደህ ለሲስተር ንገርለትና መልሱን አድርስለት።»

እየሳቀ ወረቀቱን ተቀብሎ ሄደ። ጓደኛው ዳነ መሰለኝ፣ በወሩ ጠያቂው ራሱ ክፍል ውስጥ ማንቀላፋቱን ተወ። ሕመሙ የበረታባቸውን ሁለት ተማሪዎች ሲስተር ወደ ሶሎሎ ሆስፒታል ላከቻቸው፤ አንዷን መንገዱ እያንገጫገጨን አብሬያት ሄጃለሁ። በእሾሁ መሀል ያለው መንገድ ሣር ያበቅል ጀመር። ዘበኛው ጠዋት ሲያዩኝ፣ «ኢሚግሬሽን፣ እንዴት አደርሽ!» ይሉኛል።

ተርሙ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ጠጠሩን ልቆጥር ቆርቆሮውን ላነሳ ስል አልነሳ አለኝ። አፉ ድረስ ሞልቷል። የጡብ ስባሪ ሁሉ አለበት። በሩ ላይ ሦስት የመካኒክ ተማሪዎች ቆመው ደስ ብሏቸው ያዩኛል።

«እንዳይዘጋብሽ ብለን ነው፣ ማዳም» አለ ረጅሙ።

«ስንት ጨመራችሁ?»

«አልቆጠርንም። በኮፍያ ነው ያመጣነው።»

«የናንተ የትኛው ነው?»

ተያዩ። «ትልልቁ የኛ ነው።»

«ትንንሹስ?»

«ከትንንሹም... ግማሹ።»

ልቆጣቸው ፈለግሁ፤ ፊታቸውን ሳይ ግን አቃተኝ። «አመሰግናለሁ» ብዬ በሩን ዘጋሁና ቁጭ አልኩ። መዝገቡን ቀድጄዋለሁ፤ አሁን ጠጠሩም ውሸት ሆነ። እንዳለ ወስጄ ይኸው ብል ርዕሰ መምህሩ ማን ጨመረ ብለው አይጠይቁም ይሆናል። ግን ያንን ቆርቆሮ ይዤ ፊታቸው ቆሜ ድምፄን ማውጣት እንደማልችል አውቀዋለሁ። እውነቱን ለመናገር እንኳን ስንት ጊዜ ይጠፋብኛል።

ቆርቆሮውን በሁለት እጄ አቅፌ ቢሯቸው ገባሁ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ማስረጃው ነበር፣ ሙዋሊሙ። አሁን አይደለም» አልኩ፤ ሙዋሊሙ መምህር ማለት ነው።

«ምን አልሽ?»

ደግሜ ነገርኳቸው። ከዚያ ማቆም አቃተኝ። ስለ መዝገቡ፣ ስለ ኪፓንዴው ዓምድ፣ በእሾህ ውስጥ ስለወጣው መንገድ፣ ስም ሲቀር ተማሪው መምጣቱን፣ መካኒኮቹ በኮፍያ ማምጣታቸውን ነገርኳቸው። የማንንም ስም አላነሳሁም። በሕይወቴ ያን ያህል ሳላቋርጥ ተናግሬ አላውቅም። ሳበቃ ርዕሰ መምህሩ አንድ የጡብ ስባሪ አንስተው አገላብጠው አዩት።

«ስለዚህ መዝገብ የለም፤ ድንጋዩም ሐሰት ነው።»

«ከፊሉ ነው ሐሰት።»

«ታዲያ ሰው መምጣቱን በምን ልመን?»

«ሲስተር ወረቀቶቹን ሚስማር ላይ እየሰካች ታስቀምጣለች። ስም የላቸውም።»

«አምጪልኝ።»

እየሮጥኩ ሄድኩ። ሲስተር የአንድ ሕፃን ጆሮ እያየች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም። «የበሽተኛ ወረቀት ከዚህ ቤት አይወጣም። ማየት የፈለገ ሁለት እግር አለው በይው።»

ተመልሼ፣ «ራስዎ ቢመጡ ሲስተር ደስ ይላታል» አልኳቸው።

ኮታቸውን ለብሰው ብቻቸውን ገቡ፤ እኔ ውጭ አግዳሚው ላይ ቀረሁ። ወረቀት ለመቁጠር ከሚፈጀው በላይ ቆዩ። የሲስተር ድምፅ በመስኮቱ ይመጣል፦ «ተቀመጥ። አይ፣ እጅጌህን ሰብስብ። አትናገር፣ ስትናገር ይጨምራል።» የርዕሰ መምህሩ ድምፅ ጭራሽ አይሰማም።

ሲወጡ ኮታቸው ክንዳቸው ላይ ነው፤ አንዱ እጅጌያቸው እንደተጠቀለለ ቀርቷል። ገበያውን አለፍን።

«ሚስማሩ ሞልቷል» አሉኝ። «ሁለተኛ ሚስማር መትታለች።»

«አዎ፣ ሙዋሊሙ።»

«ክፍሉ ይቆያል። አንቺም ትቆያለሽ።»

አመሰግናለሁ ልል አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱ። «ደም ግፊት አለህ አለችኝ። በየሰኞው እየመጣህ ትለካለህ አለች። ከሰኞ ጀምሮ አንቺም አብረሽኝ ትመጫለሽ።»

«እኔ ለምን?»

«ብቻዬን ስገባ ሰው ያየኛል።»

«ከእኔ ጋር ሲገቡም ያያል።»

«ከአንቺ ጋር ሲሆን የተማሪ ጉዳይ ነው ይላሉ» አሉና እጅጌያቸውን ማውረድ ጀመሩ።

ሰኞ ጠዋት መጥተው ደጄ ላይ ቆሙ። አንድ ወረቀት አነሳሁ፤ የተቻለኝን ያህል ክብ አድርጌ አረንጓዴውን ሠራሁበትና ሰጠኋቸው። ደረት ኪሳቸው ከተቱት። መንገድ ላይ፣ ገበያውን ካለፍን በኋላ፣ ከመቼ ጀምሮ እንቅልፍ እንዳጡና ለምን እንደሆነ ነገሩኝ። እኔም መንገዱን እያየሁ ሰማኋቸው። ያሉኝን እዚህ አልጽፈውም።